ሠዓሊው ወደ ጭቃ ሲመጣ፦ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶችና ለባህል ቢሮዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች፣ ለከተማና ለክልል ባህል ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ ለዓመታት የሠሩ ሠዓሊዎች ቅርጻ ቅርጽ የሚማሩበት የማታ ወርክሾፕ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ቅርጽ በመሥራትና በማስተማር የምንተዳደር ሰዎች ነን። ሃያና ሠላሳ ዓመት ብሩሽ ይዞ የኖረ ሠዓሊ ቅርጽ ልማር ብሎ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ሁለት በር ነው። አንዱ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጡ ልጆች ጋር ተፈትኖ፣ ሙሉ ቀን ውሎ፣ መጀመሪያውን ዓመት ጀበናና ጨርቅ በእርሳስ እየነደፈ የሚያሳልፍበት መደበኛ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ ገብቶ እሑድ የሚያልቅ ሥልጠና ነው፤ ከዚያ የሚወጣው አንዲት ትንሽ የጭቃ ራስና የምስክር ወረቀት ይዞ ነው። የመጀመሪያው የሚያውቀውን መልሶ ያስተምረዋል፤ ሁለተኛው የማያውቀውን አይነካለትም።

የምንጠይቀው በሁለቱ መሃል ያለ ነገር ነው፦ ዘጠኝ ወር፣ በሳምንት ሦስት ማታ፣ በእያንዳንዱ ማታ የሦስት ሰዓት ትምህርት፣ ለአንድ አስተማሪ ስምንት ተማሪ። መግቢያው ፈተና ሳይሆን የሥራ ማኅደር ይሁን። ንድፍና የቀለም ትምህርት ይቀነስላቸው፤ ከአርማቸር ሥራ (አርማቸር ጭቃውን ከውስጥ የሚሸከመው አጽም ነው) ግን ማንም ነፃ አይውጣ። ቁጥሮቹ ለምን እንደዚህ እንደሆኑ ከዚህ በታች በዝርዝር የምናስረዳው በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ጄሶው መሆኑን ስለምናውቅ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ማቲስ በ1899 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ሠዓሊነቱ ከጸና፣ አግብቶ ልጅ ከወለደ በኋላ ቅርጽ የተማረው በፓሪስ ኤትየን ማርሴል መንገድ ላይ በነበረ የማዘጋጃ ቤት የማታ ትምህርት ቤት ነው። እዚያም የቅርጽ ሠሪውን የባሪን «ጥንቸል የሚበላ ጃጓር» የተባለ ሥራ እያየ በራሱ እጅ እንደገና ሲሠራ ከረመ። ከተማው የሰጠው መብራት፣ ጭቃና የሚቆምበት ቦታ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚጠይቅ ሰው የለም።

ሠዓሊ ቅርጽ ሲጀምር የሚሠራው ስሕተት ከጀማሪ ስሕተት ይለያል። ጀማሪው ገና ማየት አልለመደም። ሠዓሊው ያያል፤ የሚያየው ግን ከአንድ ቦታ ቆሞ ነው። ፊት ለፊት ሲታይ የሚያስደንቅ ፊት ያበጅና ማቆሚያውን ሩብ ዙር ስታዞሩበት ጆሮው ጉንጩ ላይ ተለጥፎ፣ ራስ ቅሉ ከኋላ በቢላዋ የተገመሰ ሆኖ ይገኛል። ከግንባር እስከ ኋለኛው የራስ ቅል ያለው ጥልቀት ከአገጭ እስከ አናት ካለው ቁመት ብዙም እንደማያንስ ሠዓሊው በቃል ያውቀዋል፤ እጁ ግን የሸራን ውፍረት ነው የለመደው። ስለዚህ አስተማሪው በየአምስት ደቂቃው ሞዴሉም ሥራውም እኩል አንድ ስምንተኛ ዙር እንዲዞሩ ያድርግ። ከላይ ለማየት መሰላል ይቁም። ፈረንሳዊው ቅርጽ ሠሪ ሮዳን የሰውን ገጽ ከየአቅጣጫው እየተከተለ፣ ከአናትም ጭምር እያየ ይሠራ የነበረው ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ጥላን በጭቃ መሣል ነው። ከቅንድቡ ሥር ጠቆር ያለ ነገር ያይና እዚያ ቦታ ላይ ይቦረቡራል። ጥቁረቱ ግን የአምፖሉ ሥራ ነበር፤ አምፖሉ ሲነሣ ጉድጓዱ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መብራቱን በየማታው ከተለያየ ቦታ ማብራት፣ በየትምህርቱ መጀመሪያም ሃያ ደቂቃ ያህል መብራቱን ከሥራው ኋላ አድርጎ ዳር ዳሩን ብቻ እያዩ መሥራት። ውስጡ ጨለማ ስለሚሆን አይንና አፍንጫ ላይ ለመጣደፍ ምክንያት አይኖርም።

ሦስተኛው ያው ጥድፊያ ነው። የዐይን ቆብ በመጀመሪያው ማታ ይሠራና በሦስተኛው ማታ ግንባሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ መግባት እንዳለበት ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ማን ያፍርሰው? ለመጀመሪያዎቹ አራት ማታዎች ቀጭን መሣሪያ መከልከል አለበት። አምስት በአምስት፣ ቁመቱ ሃያ ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ቁራጭ ይበቃል፤ በእርሱ እየመታ ገጾቹን ያበጅ። በካሊፐር (በሁለት እግሮቹ መሃል ያለውን ርቀት በሚለካ መሣሪያ) የሚለካው ከጆሮ ቀዳዳ በዐይኖቹ መሃል እስካለው የአፍንጫ መነሻ፣ ከጆሮ ቀዳዳ እስከ አፍንጫ ግርጌ፣ ከጆሮ ቀዳዳ እስከ አገጭ፣ ከዚያም የሁለቱ ጉንጭ አጥንቶች ስፋት ነው። ነጥቦቹ ላይ የክብሪት እንጨት ይተከላል፤ ጭቃ ሲደረብ ክብሪቱ እንዳይቀበር በየማታው እንደገና ይለካል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ራሶች ፈርሰው ወደ ጭቃው በርሜል መመለስ እንዳለባቸው በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ይጻፍ። ይህን ያልንበት ምክንያት አለ፦ ለዓመታት የሠራውን ሁሉ ሲሸጥ የኖረ ሰው ማፍረስ ይከብደዋል፤ በቃል ከተነገረው ይከራከራል፣ ከፈረመበት ግን ያፈርሳል።

አሁን ወደ አርማቸሩ። ሠዓሊ በሙያው ዘመን የሠራው ሥራ ወድቆበት አያውቅም፤ ሸራ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አለቀ። ጭቃ ግን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ይሄዳል። በሰው ልክ ለሚሠራ ራስ ከ15 እስከ 20 ኪሎ እርጥብ ጭቃ ያስፈልጋል። ይህን የሚሸከመው መሠረት 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ከሥሩ ሁለት ሞራሌ ካልተመታበት በእርጥበቱ ይጣመማል፣ ሲያነሡትም ጣት ማስገቢያ አይኖርም። መሃሉ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግማሽ ኢንች ቱቦ በብሎን ይታሰራል። ከቱቦው አናት ላይ በአሉሚኒየም ሽቦ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ቀለበት ይሠራል፤ ቁመቱ 15፣ ስፋቱ 11 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሽቦው ከመጨረሻው የጭቃ ገጽ ቢያንስ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መራቅ አለበት፤ አለበለዚያ አፍንጫው ሲስተካከል ሽቦው ግንባር ላይ ብቅ ይላል። በቀለበቱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ እንጨቶች በመስቀል መልክ ታስረው ይንጠለጠላሉ። ቢራቢሮ ይባላሉ፤ ጭቃውን ከውስጥ የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ቱቦው ላይም ሽቦ ይጠምጠምበት። ለስላሳ ቱቦ ላይ ያለ ጭቃ እንደ መዝጊያ በማጠፊያው ይዞራል፤ ማታ ወደ ቀኝ ያይ የነበረው ራስ ጠዋት ግድግዳውን ሲያይ ይገኛል። ጥቁር ብረት ከሆነ ጸረ ዝገት ሁለት ጊዜ ይቀባ።

የቆመ ሰው ሲሆን ነገሩ ይጠናል። 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ምስል 12 ኪሎ ገደማ ጭቃ ይይዛል፤ ይህ ሁሉ በሁለት ቁርጭምጭሚት ላይ እንዲቆም መጠበቅ አይቻልም። ከጣውላው ላይ ተነሥቶ ወገቡ ላይ ከኋላ የሚገባ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ክብደቱን ይሸከማል። እግሮቹ ድርብ ሆኖ በተገመደ የአሉሚኒየም ሽቦ ይሠሩና አቋሙ እስኪወሰን ድረስ ጣውላውን ሳይነኩ ይንጠለጠላሉ፤ ዳሌው ሲዘነብል እግሩን ማንቀሳቀስ የሚቻለው እንዲያ ሲሆን ብቻ ነው። ሠዓሊዎች ይህን ፌሮ ይጠሉታል፤ ምስሉን ያበላሽብኛል ይላሉ። ፌሮ የሌለው ምስል ግን በሁለተኛው ቀን ጉልበቱ ይታጠፋል።

ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ኤድጋር ደጋን የመሰለ ሰው እንኳ ከዚህ አላመለጠም። በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ያሳየው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው፤ በ1881 እ.ኤ.አ. የቀረበችው የ14 ዓመቷ ደናሽ። በ1917 እ.ኤ.አ. ሲሞት በስቱዲዮው ውስጥ 150 ያህል የሰምና የጭቃ ሥራዎች ተገኙ፤ ብዙዎቹ ተሰባብረው ነበር። በኤክስሬይ ሲታዩ ከሰሙ ሥር የጠርሙስ ቡሽ፣ እንደ ነገሩ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ በደናሿ ውስጥ ደግሞ የቀለም ብሩሽ እጀታ ሳይቀር ተገኝቷል። እጁ ላይ ያገኘውን ያስገባ ነበር ማለት ነው። ዐይኑ የጎደለው ነገር አልነበረም፤ የጎደለው ሁለት ሳምንት የአርማቸር ትምህርት ነው። የምንጠይቀው ወርክሾፕ ከሁሉ በፊት እነዚያን ሁለት ሳምንታት የሚሰጥ ነው።

ሦስት ማታ ያልነውም ከጭቃው የተነሣ ነው። ለመሥራት የሚመቸው ጭቃ የጆሮ ጫፍ ያህል የሚለሰልስ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ አየር በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ተጠቅልሎ እንኳ መጀመሪያ አፍንጫና ጆሮ፣ ቀጥሎ ገጹ በሙሉ ይደርቃል። በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ተማሪ የሚያገኘው ከላይ የጠጠረ፣ ከውስጥ የራሰ ነገር ነው፤ አዲስ ጭቃ ሲደርብበት አይያያዝም፣ ቅርፊቱ እየተነሣ ይወድቃል። ከሦስቱ ሰዓት ግማሹን ውሃ ሲረጭ ያሳልፋል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ግን ሲሄድ ውሃ ረጨት አድርጎ መሸፈን ብቻ ይበቃዋል። ጨርቁ ፊቱን እንዳይነካ ትንንሽ እንጨቶች ይተከሉ፤ አለበለዚያ የጨርቁ ድርና ማግ ጉንጩ ላይ ይታተማል።

ለስምንት ሰው ግማሽ ቶን ገደማ ጭቃ በቂ ነው፤ ሳይጠበስ እየፈረሰ እንደገና ስለሚታሸት ቶሎ አያልቅም። የሸክላ አፈሩን ጠባይ ለማወቅ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። አንድ ማታ ለእነርሱ ተከፍሎ ቢያስተምሩ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ተማሪው እዚያ የሚማረው ዋናው ነገር ሥራው እሳት የሚገባ ከሆነ ብረት በውስጡ መቅረት እንደሌለበት ነው። ጭቃ ደርቆ እስኪጠበስ ድረስ ከመቶ ከ8 እስከ 12 ያህል ይኮማተራል፤ ብረቱ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። የሚጠበሰው ራስ በሽቦ ለሁለት ተቆርጦ፣ ግድግዳው ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ተፈልፍሎ፣ እንደገና ተጣብቆ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ ብሎ ይደርቃል። ያልደረቀ ጭቃ እሳት ሲያገኝ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል።

ስለ ሪሊፍ፣ ማለትም ከጠፍጣፋ ገጽ ላይ ጎላ ብሎ ስለሚወጣ ቅርጽ፣ አንድ ነገር ማለት አለብን፤ ሥርዐተ ትምህርት የሚያወጡ ሰዎች ሁልጊዜ ሠዓሊውን በሪሊፍ ማስጀመር ይወዳሉና። ለሥዕል የቀረበ ስለሆነ ይቀለዋል ብለው ነው። እኛ ተቃራኒውን ነው የምናየው። ለሥዕል የቀረበ ስለሆነ ያሳስተዋል፤ በጭቃ ላይ መስመር ይጭርና ጨረስኩ ይላል። በሪሊፍ የሚጨመቀው ጥልቀት ብቻ ነው፤ የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ የሚለው ቅደም ተከተል ሳይፋለስ የሰው ደረት በሁለት ሳንቲ ሜትር ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል። ይህን ለማድረግ ሙሉውን ዙር ማወቅ ይቀድማል። ስለዚህ ከአራተኛው ወር በፊት አይሁን። ጊዜው ሲደርስ ክፍሉ ወደ ስድስት ኪሎ ወጥቶ በየካቲት 12 ሐውልት ላይ ያሉትን የዩጎዝላቪያውያኑን የአውጉስቲንቺችንና የክርሺኒችን የነሐስ ሪሊፎች ጠዋትና ቀትር ላይ ይይ፤ ጥላው ቦታ ሲቀይር የትኛው ገጽ እንደሚጠፋ፣ የትኛው እንደሚወጣ ደብተሩ ላይ ይንደፍ። በማግስቱ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የሞሪስ ካልካን አንበሳ ይዙር። ዝርዝር የለውም ማለት ይቻላል፤ ትልልቅ ገጾች ብቻ ተደራርበው አንበሳ ሆነዋል። ከስድስት ኪሎው በኋላ ሲታይ ልዩነቱ ራሱን ይናገራል።

በጀት የሚያስፈልገው ትልቁ ክፍል ሞልዱ፣ ማለትም በጭቃው ላይ ተሠርቶ ቅርጹን የሚቀዳው የጄሶ ቅርፊት ነው። ሠዓሊው ፈጽሞ የማያውቀውም ይሄንኑ ነው። ጭቃው ተሠርቶ ሲያልቅ ከጆሮው ኋላ በሚያልፍ መስመር ላይ ከቀጭን ላሜራ የተቆረጡ፣ ስፋታቸው አራት ሳንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ ይሰካሉ፤ ሞልዱ ለሁለት የሚከፈለው በእነርሱ ነው። ከዚያ ጄሶው። አንድ ሊትር ውሃ 1.4 ኪሎ ገደማ ጄሶ ይወስዳል። ውሃው ላይ በእጅ እየተበተነ፣ ደሴት ሠርቶ እስኪታይ ይጨመርና አንድ ሁለት ደቂቃ ይተዋል፤ ቀጥሎ እጅን ከሥር አድርጎ አየር ሳያስገቡ ማማሰል። ጄሶ ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው የሚያገኘው እብጥ እብጥ ያለ ነገር ነው፤ ሊወፍር የጀመረ ጄሶ ላይ ውሃ የሚጨምር ደግሞ በኋላ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ሞልድ ያገኛል።

የመጀመሪያው ሽፋን በጥቂት ሰማያዊ ወይም ቀይ ቀለም ይበጠበጥ፤ ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ ቀለም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በመጨረሻ ሞልዱ በመሮ ሲፈለፈል ቀለሙ ብቅ ሲል ሥራው ቅርብ ነው፣ እጅህን አዝግም ይላል። ቀለም የሌለው ሞልድ ላይ የአፍንጫ ጫፍ ይሄዳል። ጄሶውን ከጣት ጫፍ ላይ በእፍታ እያስፈነጠሩ አፍንጫ፣ ጆሮና የዐይን ቆብ ላይ እፍ ማለት የአየር ቋጠሮ እንዳይቀር ይረዳል። ሽፋኑ ሲጠነክር ላዩን ቀጭን የጭቃ ውሃ ይቀባ፤ ሁለተኛው ነጭ ሽፋን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከቃጫ ጋር ይደረብበታል። ለአንድ ራስ ለሞልዱም ለሚፈሰውም 15 ኪሎ ጄሶ ቢያዝ አያጥርም። ሞልዱ ተከፍቶ ጭቃው ከወጣና ከታጠበ በኋላ ውስጡ በፈሳሽ ሳሙና ሦስት ጊዜ ይቀባል፣ አረፋው ይጠረጋል፣ ጥቂት ዘይት ይነካል፤ ከዚያ ሁለቱ ግማሾች ተገጥመው ጄሶ ይፈስበታል። እዚህ የሰነፈ ሰው ሞልዱና ሥራው አንድ ድንጋይ ሆነውበት ይቀራሉ።

ግዢ ክፍሉ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ቢኖር ጄሶ ተከማችቶ እንደማይቆይ ነው። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ገዝቶ እርጥብ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። ከየከረጢቱ አንድ ኩባያ ተበጥብጦ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠነከረ ለሞልድ አይሆንም። ሌላም አለ፦ የሚጠነክር ጄሶ ይሞቃል፣ ቆዳ እስኪያቃጥል ድረስ። የሰውን እጅ በጄሶ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ቅርጹን መውሰድ የሚባለው ጨዋታ በወርክሾፑ ውስጥ ክልክል ይሁን።

ከጄሶው ቀጥሎ ሲሚንቶ ይምጣ፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ፣ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ። ርካሽ ነው፣ ዝናብም ይችላል። ፋይበር ግላስ በዚህ ዘጠኝ ወር ውስጥ ባይገባ እንመርጣለን። ማጠንከሪያው ከሬዚኑ (ደርቆ ከሚጠነክረው ፈሳሽ) ከመቶ ከ1 እስከ 2 ብቻ ነው፤ ሲበዛ ይሞቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ ለወራት እጅ ይይዛል። ሽታው ደግሞ በአቧራ ማስክ አይታገድም፤ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ማስክና አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ ሳይኖር ማታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሠራት ጥፋት ነው።

ነሐስ ማየት ይበቃቸዋል፤ ግን በደንብ ይዩ። መስቀል በሰም ሠርተው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው ብረት የሚያፈሱ ባለሙያዎች በአገራችን አሉ፤ ሰምና ወርቅ የምንለው የቅኔ ስም የመጣውም ከዚሁ ሥራ ነው። ተማሪው እዚያ ሊያየው የሚገባው ውፍረት ነው። በሰው ልክ የሆነ ራስ ድፍን ቢሆን 40 ኪሎ ገደማ ነሐስ ይበላል፤ ሲቀዘቅዝም ወፍራሙ ቦታ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሰሙ አምስት ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 10 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ሠዓሊዎች ሐውልት ሁሉ ድፍን ይመስላቸዋል።

እንጨትና ድንጋይ አንድ አንድ ወር ይብቃቸው። እንጨቱ ዋንዛ ይሁን፤ ለመሮ የተመቸ ነው። ልቡ ያለበት ግንድ ግን አይገዛ፤ ሲደርቅ ከልቡ እስከ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ላይ የሠዓሊው ችግር መጨመር አለመቻሉ ነው። ሲያዝዙ ክብደቱን ያስሉ፦ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ እብነበረድ ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ወገብ አያነሣውም። ፓራንኮ (በሰንሰለት ከባድ ነገር ማንሻ) የሚሰቀልበት ወራጅ ክፍሉ ሲመረጥ ይታይ፤ ስለዚህም ክፍሉ ምድር ቤት ይሁን። ድንጋይ የሚጠረበው ውጭ፣ ጥላ ሥር ነው፤ አቧራው ሳምባ ውስጥ ይቀራል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቧንቧው ነው። ጭቃና ጄሶ የነካው እጅ በተራ መታጠቢያ ውስጥ ከታጠበ መስመሩ በአንድ ወሰነ ትምህርት ይደፈናል፤ ጄሶ ውሃ ውስጥም ይጠነክራልና። ሦስት በርሜሎች ተደርድረው፣ እጅ በመጀመሪያው፣ ቀጥሎ በሁለተኛው፣ መጨረሻ በሦስተኛው ይታጠብ። ዝቃጩ ሲያድር ይረጋል፤ ከላይ የጠራው ውሃ ብቻ ይደፋል፣ የታችኛው በጆንያ ተጠራቅሞ ከግንባታ ፍርስራሽ ጋር ይወጣል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ካልተደረገ ግን በሦስተኛው ወር የሕንፃ አስተዳደሩ ክፍሉን ይዘጋዋል።

ክፍል ያለው ቢሮ ካለ የማቆሚያዎቹን ልክ፣ የመሣሪያዎቹን ዝርዝርና የሠላሳ ስድስቱን ሳምንታት የትምህርት ቅደም ተከተል ጽፈን ለማስረከብ፣ የመጀመሪያዎቹን ስምንት አርማቸሮችም ራሳችን ሠርተን ለማቆም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር